ጮክ ብለህ ጥራኝ

ማዕዛ ያንን ሰውዬ ያገኘችው ዕለት ጉሮሮውን አንቃ እንደምትይዘው ለጓደኞቿ ምላለች። መልኩን አይታው አታውቅም። የምታውቀው ድምፁን ብቻ ነው፤ እሱንም ከምትፈልገው በላይ ታውቀዋለች።

ወሎ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ እሷ የምትሠራበት መድኃኒት ቤትና አንድ የፍራሽ መደብር ግድግዳ ይጋራሉ። የመደብሩ ባለቤት በሩ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ሞንታርቦ አቁሟል። ከሞንታርቦው ውስጥ አንድ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል።

«አይሰምጥም! አይጎብጥም! አሥር ዓመት ይተኙበት፣ እንደገዙት ያገኙታል!»

በዚህ ጩኸት መሐል ነው ማዕዛ «ከምግብ በኋላ ነው እናቴ፣ በባዶ ሆድ እንዳይወስዱት» እያለች የምታስረዳው። አንድ ጊዜ አንዲት እናት የጆሮ ጠብታውን ዓይናቸው ውስጥ ጨምረው በማግስቱ እያለቀሱ መጡ። ያን ቀን ትዕግሥቷ አለቀ። ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መደብሩ ድረስ ሄደችና የሞንታርቦውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችው።

ባለቤቱ አልነበረም። አንድ ቀጠን ያለ ወጣት ብቻ ፍላሽ በእጁ ይዞ በተደረደሩት ፍራሾች መሐል ቆሟል።

«ባለቤቱ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ንገርልኝ። ያንን የሚጮኸውን ሰውዬ የምታውቀው ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን አገኘዋለሁ በለው። ምን ዓይነት ሰው ነው ግን? እናቱ ቀስ ብሎ ማውራት አላስተማረችውም?»

ወጣቱ በንዴት የቀላውን ፊቷን አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። ፍላሹን ቀስ ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«እነግረዋለሁ» አለ፣ በሹክሹክታ።

«አንተስ? ፍራሽ ልትገዛ ነው?»

«እኔ... ጋዜጠኛ ነኝ።»

ውሸት አልነበረም፤ እውነት ነው ማለትም ይከብዳል። ሌንጮ መገርሳ በጋዜጠኝነት ዲግሪ አለው። ጥቁር ጋዋን ለብሶ የተነሣው ፎቶ የካ አባዶ፣ አባቱ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። ከሞንታርቦው ውስጥ የሚጮኸው ሰውዬም እሱ ራሱ ነው፤ ፍላሹ ላይ ያለውም የእሱው ድምፅ ነበር።

ጊዜው ሕንፃውም ባንኩም ኮሌጁም እንደ አሸን የፈላበት ነበር። አቶ መገርሳ ስንዴ ይዘሩበት የነበረው መሬት ለኮንዶሚኒየም ተወሰደና ካሳ ተከፈላቸው። ጎረቤቶቻቸው በካሳው ሚኒባስ ገዙ፤ ቤት ሠርተው ያከራዩም አሉ። እሳቸው ግን «መሬት ይወሰዳል፣ መኪና ይገለበጣል። ትምህርት ግን ማን ይወስደዋል?» አሉና ገንዘቡን ቦሌ ላለ አንድ የግል ኮሌጅ ከፈሉት። ጋዜጠኝነትን የመረጡትም እሳቸው ናቸው። በዕድሜያቸው ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሲያዳምጠው ያዩት ቢኖር የሬዲዮ ጋዜጠኛ ብቻ ነበር።

ያ ዲግሪ ገበያ ላይ ያወጣው ዋጋ ሌንጮን አንገት አስደፋው። ተመርቆ የገባበት ሳምንታዊ ጋዜጣ የሚከፍለው ደሞዝ ለታክሲና ለምሳ እንኳ አይበቃም። የሰፈሩ ሚኒባስ ረዳት፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ አብሮ አደጉ፣ ከእሱ የተሻለ ያገኛል። አንዳንድ ቀን «ተወው ጋዜጠኛው፣ ተከፍሏል» እያለ ሂሳብ አይቀበለውም ነበር። ሌንጮ አመሰግናለሁ ይልና ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ጋዜጣው ሲዘጋ አንድ የማስታወቂያ ስቱዲዮ ድምፁን ሞከረለት። ኮሌጁ ካስተማረው ሁሉ የጠቀመው ማይክ ፊት መቆም ሆነ፤ የት መተንፈስ እንዳለበት፣ የትኛውን ቃል ጫን ማለት እንዳለበት። ለአንድ ጩኸት የከፈሉት ጋዜጣው በወር ይከፍለው ከነበረው በለጠ። ብሩን ሲቀበል ደስ አለው፤ ከበሩ ሲወጣ ደስታው አብሮት አልወጣም። ፍራሹ ላይ አንድ ቀን ተኝቶ አያውቅም። ኮሌጅ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የነገሩት ደግሞ ያላየኸውን አትጻፍ ብለው ነበር።

ለአባቱ «ሬዲዮ ገባሁ፤ ዜናውን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ የሚያነበው ሌላ ነው» አላቸው። አቶ መገርሳ አመኑት። ከዚያ ወዲህ ዜና ሲነገር እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ቤቱን ጸጥ ያሰኛሉ። ጎረቤት ከገባም «ጸጥ በሉ፣ ይሄ የሌንጮ ነው፤ ሰውዬው አንባቢ ብቻ ነው» ይላሉ። ውሃ ሳይነገር የጠፋ ጊዜ ጎረቤቶች ልጅህ ምነው ቀደም አድርጎ ቢነግረን ብለው ወቅሰዋቸዋል። እሳቸውም ተገቢ ወቀሳ ነው ብለው ተቀብለዋል።

ማዕዛ ከዚህ ሁሉ የምታውቀው አልነበረም።

ሌንጮ በማግስቱ መድኃኒት ቤቱ ብቅ አለ። ጉሮሮዬን ያመኛል አላት። ይሄኛው እንኳ እውነት ነው፤ ሲጮኽ ነበር የዋለው። የጉሮሮ ከረሜላ ሰጠችው። በሌላውም ቀን መጣ። በሌላውም። ድምፁን እንዳታውቅበት እየፈራ ሁልጊዜ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራት፤ እሷም ለመስማት በባንኮኒው ላይ ጎንበስ ትላለች። ፍቅራቸው የገባው በዚያች መጠጋት በኩል ነው።

አንድ ቅዳሜ በቦሌ መንገድ ጎን ለጎን ሲሄዱ እጇን በክንዱ ውስጥ አሾልካ ጠየቀችው።

«ምንህን እንደወደድኩት ታውቃለህ?»

«ምኔን?»

«ዝግታህን። እኛ ቤት ሁሉም ይጮኻል። አቦይ፣ አባቴ፣ ስልክ ሲያወራ ስልክ የሚያስፈልገው አይመስልም። ሥራ ስገባ ደግሞ ያ ሰውዬ አለ። አንተ ስታወራ ግን ከተማው ሁሉ ዝም ያለ ይመስለኛል።»

ሌንጮ ዝም አለ። እሷ ዝምታውንም ወደደችለት።

«ማዕዛ» አለ ትንሽ ቆይቶ።

«ወዬ?»

«ምንም።»

ይህቺን «ምንም» አንድ ዓመት ሙሉ ሲላት ከረመ። ሊነግራት ብሎ ወጥቶ ከረሜላ ይዞ ይመለሳል። አንድ ጊዜ በእርግጥ ቆርጦ መጥቶ ነበር፤ አፉን ሊከፍት ሲል ከግድግዳው ማዶ የገዛ ድምፁ «አይሰምጥም» ብሎ ጮኸበት። ማዕዛ ጆሮዋን ይዛ «እንዲህ ያለ ውሸታም፤ አቦይንም አታሎ አንዱን አስገዝቶታል» አለች። የሚያፍር ሰው ቀጠሮ ማራዘም ይወዳል፤ ሌንጮም ሌላ ቀን ይሻላል ብሎ ወጣ።

ሌላ ቀን ሳይደርስ የማዕዛ እናት ወይዘሮ ሃረገወይን ሁለቱን መንገድ ላይ አዩዋቸው። ቤት ገብተው ብዙ አልተናገሩም። ወይ ሽማግሌ ይላክ፣ ወይ ይቅር፤ በቃ።

«አባትህ ይልኩልኛል አይደል?» አለች ማዕዛ። ዓይኗ ውስጥ ፍርሃት ነበር።

«ይልካሉ» አለ ሌንጮ። ከሽማግሌው በኋላ እነግራታለሁ አለ በሆዱ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ጡረታ የወጡት መምህር ገብረየስ፣ ሁለተኛው የቤቱ የንስሐ አባት፣ ሦስተኛው ራሳቸው አቶ መገርሳ። የልጁ አባት አብሮ አይሄድም ቢሏቸው «ስለ ልጄ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?» ብለው ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

የማዕዛ ቤት ገርጂ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱም ሳሎኑ መሐል ቆሙ። የማዕዛ አባት አቶ ሃይለኣብ ተቀመጡ ቢሏቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፣ እንደ ወጉ። ማዕዛ ወጥ ቤት፣ ከተገርበበው በር ጀርባ፣ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ ትሰማለች።

«ልጁ ምንድን ነው ሥራው?» አሉ አቶ ሃይለኣብ። ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያላቸው፣ ነገር ማስረዘም የማይወዱ ሰው ናቸው።

መምህር ገብረየስ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አቶ መገርሳ ቀደሟቸው። «ጋዜጠኛ ነው። በሬዲዮ የምንሰማውን ዜና የሚጽፈው እሱ ነው።»

«ቅር አይበልዎትና እኔ ነጋዴ ነኝ። ዕቃ ሳይ ስንት ያወጣል ብዬ እጠይቃለሁ። የጋዜጠኛ ዲግሪ ስንት ያወጣል? ሚስት ያበላል?»

አቶ መገርሳ አልተቀየሙም። «እኔን መሬቴን የሚያህል አስወጥቶኛል። ያስገባልኝን ግን በብር አልነግርዎትም። እኔ ስናገር ያዳመጠኝ ሹም አልነበረም። ልጄን ግን አገር ጸጥ ብሎ ያዳምጠዋል። ለእኔ ይሄ ይበቃኛል።»

አቶ ሃይለኣብ መልሱ የጣማቸው መሰሉ። ወጥ ቤት ያለችው ማዕዛ ትሪውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ፈገግ አለች።

ያኔ ነው ከመንገዱ መታጠፊያ ሞንታርቦ የጫነ ሚኒባስ ብቅ ያለው።

«አይሰምጥም! አይጎብጥም! አሥር ዓመት ይተኙበት፣ እንደገዙት ያገኙታል!»

መምህር ገብረየስ እስኪያልፍ ብለው ንግግራቸውን ገቱ። ወይዘሮ ሃረገወይን «ወይ ጣጣ» ብለው መስኮቱን ሊዘጉ ተነሡ። አቶ መገርሳ ግን እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ዜና ሲነገር እንደሚያደርጉት ነው፤ ጸጥ በሉ ማለታቸው ነበር። ሰውም ሳያውቅ ታዘዛቸው።

ሚኒባሱ በቤቱ ፊት ለፊት ቀስ ብሎ አለፈ። ሰው ድምፁን ሊለውጥ ይችላል፤ አባቱን ግን አያታልልም። አቶ መገርሳ አንድ ቀን በሬዲዮ ይመጣል ብለው የጠበቁት ድምፅ ገርጂ መንገድ ላይ ፍራሽ እየሸጠ ሄደ። እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። «ቅድም ያልኩትን አነሣለሁ። አሁን ያለፈው የልጄ ድምፅ ነው።»

መምህር ገብረየስ የአቶ መገርሳን ጋቢ ጫፍ ጎተቱ። «መገርሳ፣ ምን ነካህ?»

«ሰው ቤት ለልመና ቆሜ አልዋሽም፣ ገብረየስ። ልጄ እኔን ዋሽቶኛል። እኔም ሳላውቅ እናንተን ዋሸሁ።» ቆመው ነው የሚናገሩት፤ የሚቀመጡበት ፊት አልነበራቸውም።

ማዕዛ ትሪውን አስቀመጠች። ያንን ሁሉ ጊዜ «ያ ሰውዬ» እያለች ስትሰድበው አጠገቧ ቆሞ ይሰማት ነበር። የጉሮሮ ከረሜላው፣ ሹክሹክታው፣ «ምንም» ያላት ሁሉ ተራ በተራ ትዝ አላት። በእሱ አፈረች። በራሷም አፈረች። የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቃታት።

ሳሎኑ ውስጥ አቶ ሃይለኣብ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አኖሩ።

«ያንን ፍራሽ ገዝቻለሁ» አሉ። «ልጄ እየከለከለችኝ፣ ያን ድምፅ አምኜ ገዛሁት። ዓመት ሳይሞላው መሐሉ ገባ። ጠዋት ጠዋት ወገቤን ይዤ ነው የምነሣው።»

«እሱስ ይነሣል» አሉ ወይዘሮ ሃረገወይን። «እኔ ነኝ ከዳገቱ ወደ ጉድጓዱ ስንከባለል የማድረው።»

የንስሐ አባቱ አቀረቀሩ።

«መልሴ ይኸው» አሉ አቶ ሃይለኣብ። «እሺም አላልኩ፣ እምቢም አላልኩ። ፍራሹን ይዛችሁለት ሂዱ። እሱ ይተኛበት። ከዚያ ራሱ ይምጣና ይሰምጥ አይሰምጥ እንደሆነ በገዛ አፉ ይንገረኝ።»

እንዲህ ሆኖ ሽማግሌዎቹ ሚስት ሊጠይቁ ሄደው፣ በኮንትራት ሚኒባስ ጣራ ላይ አሮጌ ፍራሽ አስጭነው፣ በመገናኛ በላምበረት አድርገው የካ አባዶ ገቡ። የሰፈሩ ሴቶች ፍራሹን ሲያዩ ነገሩ አልቆ ዕቃ የተላከ መስሏቸው እልል ማለት ጀመሩ። የሽማግሌዎቹን ፊት ሲያዩ ተዉት።

ሌንጮ በር ላይ ነበር የሚጠብቀው። ፍራሹን አየ፤ ስፌቱ ላይ ያለውን ምልክት አየ። ማንም ምንም ሳይነግረው ገባው።

«ደሞዙ ደህና ነው?» አሉ አቶ መገርሳ።

«ደህና ነው አባ። ከጋዜጣው ይሻላል።»

«ታዲያ ምን ያስዋሻል? ፍራሽ መሸጥ ነውር ነው?»

«ያ ሁሉ የመሬት ገንዘብ ለዚህ ነው ወይ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።» እንባው መጣ።

አባትየው ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ፍራሹ ወደ ውስጥ ጎተታቸው። «ድምፅህን የሰማሁ ጊዜ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ልደብቅህ አልችልም። እንዴት ያለ ድምፅ ነው አልኩ። ያፈርኩት ኋላ ነው። በፍራሹ አይደለም። ሰውዬው አንተን አምኖ ወገቡን ይዞ እንደሚነሣ ሰምቼ ነው።»

ሌንጮ ሳምንቱን እዚያ ፍራሽ ላይ ተኛ። መሐሉ ላይ የሁለት ሰው ጉድጓድ አለ፤ በየትኛውም ጎን ቢዞር ወደዚያው ይመልሰዋል። በየጠዋቱ እሱም ወገቡን ይዞ ተነሣ። ማዕዛ ጋ ይደውላል፤ አታነሣም። ወደ መደብሩ ሄዶ «አይሰምጥም» የሚለውን ካላወጣችሁት ድምፄን አንሡልኝ ቢላቸው ባለቤቱ ሣቀበት። የተከፈለበት ነው አለው። የስቱዲዮ ሥራውም በዚያው ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ወደ አቶ ሃይለኣብ ሱቅ ገባ። እሳቸው ባንኮኒው ላይ ዘይት የነካው ዕቃ እየጠረጉ ነበር።

«ይሰምጣል» አለ ሌንጮ፣ እንደ ልማዱ በሹክሹክታ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አቶ ሃይለኣብ ቀና አሉ። «ስትሸጠው ለከተማው ሁሉ ነበር። ስህተቱን ግን ለእኔ ብቻ፣ በጆሮዬ?»

ሌንጮ ወጣ።

መድኃኒት ቤቱ እዚያው ማዶ ነው። መንገዱ በታክሲ ጠባቂ ሰው ሞልቷል። ከመደብሩ በር ላይ የራሱ ድምፅ ይጮኻል። ሌንጮ ከሞንታርቦው ፊት ለፊት ቆመ። ማይክ ፊት ሲቆም ማንንም አያይም ነበር፤ አሁን ሁሉም ያየዋል።

«አይሰምጥም!» አለ ሞንታርቦው።

«ይሰምጣል!» አለ ሌንጮ።

ተሰላፊው ዞረ። አንዲት ሴት የልጇን እጅ ያዘች። ድምፁ አንድ ነው፤ ሰው ግራ ገብቶት አንዴ ወደ ሣጥኑ፣ አንዴ ወደ ሌንጮ ያያል።

«አሥር ዓመት ይተኙበት!»

«ዓመት አይሞላውም! እኔ ነኝ የተናገርኩት። ሳልተኛበት ነው የተናገርኩት። አሁን ተኝቼበታለሁ፤ ይሰምጣል!»

የመደብሩ ባለቤት እየተሳደበ ብቅ አለ። የሚሥቅ ነበር፤ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽም ነበር። ሌንጮ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ድረስ ከገዛ ድምፁ ጋር ሲታገል ማዕዛ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ከመድኃኒት ቤቱ ወጣች። እሱን እንዳላየች አልፋ ሄደችና የሞንታርቦውን ገመድ ነቀለችው።

መንገዱ ጸጥ አለ።

ገመዱን እንደያዘች መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«አንድ ዓመት ሙሉ በማን ድምፅ ነበር የምታወራኝ?»

«በሚያፍረው ሰውዬ።»

«እኔንስ አላሰብከኝም? ፊት ለፊትህ ስሰድብህ ዝም አልክ። ስንት ጊዜ እንድሰድብህ አደረግከኝ። ዝግታህን ነው የወደድኩት አልኩህ። መደበቂያህን ነው ለካ የወደድኩት።»

«ማዕዛ» አለ። እንደለመደው፣ በሹክሹክታ።

«አልሰማሁም።»

«ማዕዛ።»

«ፍራሽ ስትሸጥበት በነበረው ድምፅ ጥራኝ። እኔ ከፍራሽ አንሳለሁ?»

ሌንጮ ዙሪያውን አየ። ተሰላፊዎቹ፣ ባለ መደብሩ፣ ሱቃቸው በር ላይ ጨርቅ ይዘው የቆሙት አቶ ሃይለኣብ፤ ሁሉም እሱን ነው የሚያዩት። አየር ሳበ። የት መተንፈስ እንዳለበት ያውቃል፤ ለዚህ አባቱ መሬታቸውን ከፍለዋል።

«ማዕዛ!»

ስሟ መንገዱን ተሻግሮ ከሕንፃው ግድግዳ ተመለሰ። ታክሲ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን አወጡ። ማዕዛ አንገቷን ደፍታ የነቀለችውን ገመድ በጣቷ ትጠመጥማለች።

«አቤት» አለች።

በጣም ዝቅ አድርጋ ስላለችው፣ ለመስማት እሱ ነበር መጠጋት የነበረበት።